ትራኪያው ካልተገፋ ቴንሽን ኒሞቶራክስ የለም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ አሁን በድንገተኛ ክፍል ልምምድ ላይ እገኛለሁ። አንድ ወጣት በቀኝ ደረቱ ላይ በድንገት የጀመረ ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ይዞት መጣ። በቀኝ በኩል የትንፋሽ ድምፅ አይሰማም ነበር። ትራኪያው መሃል ላይ ስለሆነና የደም ግፊቱም 110/70 ስለነበረ ‹ቴንሽን አይደለም› ብለን ለኤክስሬይ ወደ ሌላ ክፍል ላክነው። ትክክል ነበርን? ቴንሽን ቢሆንስ መርፌው የሚገባው በሁለተኛው የጎድን ክፍተት ነው ወይስ በአምስተኛው? ኒሞቶራክስ ያለበት ሰው ሁሉስ ቱቦ ያስፈልገዋል?»

ምላሽ፦ ታካሚውን ወደ ኤክስሬይ መላካችሁ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የላካችሁበት ምክንያት ግን ትክክል አይደለም። ትራኪያው (ዋናው የአየር ቧንቧ) መሃል ላይ መሆኑም ሆነ የደም ግፊቱ አለመውረዱ ቴንሽን ኒሞቶራክስ፣ ማለትም በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል የገባ አየር በግፊት መጠራቀም፣ የለም አያሰኝም። ሁለቱም የሚለወጡት ዘግይተው ነው። እነርሱን የሚጠብቅ ሐኪም የልብ መቆም ሊቀድመው ይችላል።

ምክንያቱን ለመረዳት ግፊቱን ማሰብ ይበቃል። ጤነኛ ሰው አየር አስወጥቶ ሲጨርስ በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል ያለው የፕሉራ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት በ5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ያህል ያንሳል። ሳንባ በተፈጥሮው ወደ ውስጥ መሰብሰብ፣ የደረት ግድግዳ ደግሞ ወደ ውጭ መለጠጥ ይፈልጋል፤ ሁለቱን አጣብቆ የያዛቸው ይህ ዝቅተኛ ግፊት ነው። አየር ሲገባ መያዣው ይለቃል፤ ሳንባው ይሰበሰባል። ቀዳዳው አየር የሚያስገባ ግን የማያስወጣ ቫልቭ ሆኖ ከቀረ አየሩ በየትንፋሹ ይጠራቀማል፣ ግፊቱም ከከባቢ አየር በላይ ይሆናል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል። ቴንሽን የምንለው ይህን ነው።

ነገር ግን ነቅቶ በራሱ የሚተነፍስ ሰው ይታገላል። ትንፋሹን ያፋጥናል፤ ጤነኛው ወገን የበለጠ ይለጠጣል፤ ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ ደም ሥሮቹም ይጠባሉ። በዚህ ትግል የደም ግፊቱ ለረጅም ጊዜ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል፤ ሲወርድ ግን በአንድ ጊዜ ይወርዳል። በቬንትሌተር (በመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያለ ታካሚ ይህ ዕድል የለውም። ማሽኑ በየትንፋሹ አየር በግፊት ስለሚጨምር ከደህና ሁኔታ ወደ ልብ መቆም የሚያደርሰው ጊዜ በደቂቃዎች ይቆጠራል። እዚያ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች የአየር መንገድ ግፊት በድንገት መጨመር፣ የኦክስጅን መጠን መውደቅና ወዲያው የሚከተል የደም ግፊት መውረድ ናቸው። የነቃ ታካሚ መጀመሪያ የሚሸነፈው በትንፋሽ፣ ቬንትሌተር ላይ ያለው ደግሞ በደም ዝውውር እንደሆነ ያዙ።

ትራኪያን በተመለከተ፣ የሚገፋው የደረት መሃል ክፍል ነው፤ እናንተ በጣታችሁ የምትዳስሱት ደግሞ ከደረት አጥንት በላይ ያለውን የአንገት ክፍል ነው። በኤክስሬይ ላይ ግልጽ ሆኖ የሚታይ መገፋት በእጅ ላይሰማ ይችላል። የአንገት ደም ሥር መወጠርም እንዲሁ ነው፤ ደም የፈሰሰው ሰው ላይ አይታይም፣ አንገቱ በኮላር የታሰረ ሰው ላይም አይነበብም። ካገኛችኋቸው ይጠቅማሉ፤ ካላገኛችኋቸው ግን ምንም አልነገሯችሁም።

እንግዲህ ምን ይታይ? ታካሚው ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ይችላል ወይስ አንድ ሁለት ቃል ተናግሮ ያቆማል? ኦክስጅን ተሰጥቶት መጠኑ ከፍ ይላል ወይስ እየወረደ ይሄዳል? የልብ ምቱ ከአምስት ደቂቃ በፊት ከነበረው ጨምሯል? ተረብሿል ወይስ እየደነዘዘ ነው? በዚህ ላይ አንዱ የደረት ወገን ሲነፋ ወደ ኋላ የሚቀር፣ ሲንኳኳ የሚያስተጋባ፣ በስቴቶስኮፕ ደግሞ ጸጥ ያለ ከሆነ፣ ሁኔታውም በደቂቃዎች ውስጥ እየባሰ ከሄደ፣ ቴንሽን ነው። ይህ ሰው ከክፍሉ አይወጣም፤ አየሩ እዚያው ይወጣለታል። በተቃራኒው ተረጋግቶ የሚያወራ፣ በትንሽ ኦክስጅን መጠኑ የተስተካከለ፣ የልብ ምቱ የማይጨምር ከሆነ ምስል ለማንሳት ጊዜ አላችሁ። ያም ቢሆን ወደ ሌላ ክፍል የሚሄደው ከሞኒተርና መርፌ ማስገባት ከሚችል ሰው ጋር ነው። የእናንተ ታካሚ ከሁለቱ የትኛው እንደነበረ የሚወስኑት የልብ ምቱ፣ የትንፋሹ ብዛትና የኦክስጅኑ መጠን ናቸው፤ በጥያቄው ውስጥ ግን አንዳቸውም አልተጠቀሱም።

ማንኳኳትን የዘለለ ሰው ሌላ ስህተት ይሠራል። የትንፋሽ ድምፅ የጠፋበት ደረት ሁሉ አየር የሞላው አይደለም። በአክታ የተዘጋ ብሮንከስ (ወደ ሳንባ የሚገባ የአየር ቧንቧ ቅርንጫፍ) ሳንባውን ሲሰበስበው ድምፁ ይጠፋል፤ ነገር ግን ሲንኳኳ ድፍን ነው፣ ትራኪያውም ቢዞር የሚዞረው ወደታመመው ወገን ነው። ብዙ ፈሳሽ የሞላበት ደረትም ድፍን ነው፤ እርሱ ግን ወደ ጤነኛው ወገን ይገፋል። ቱቦ በአፉ የገባለት ታካሚ ግራ ደረቱ ጸጥ ካለ፣ መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት ቱቦው ጥርስ ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚል እዩ፤ ወደ ቀኙ ብሮንከስ ዘልቆ ሊሆን ይችላል። በልብ ሽፋን ውስጥ ደም ሲጠራቀም ደግሞ የአንገት ደም ሥር ይወጠራል፣ ግፊት ይወርዳል፤ የትንፋሽ ድምፁ ግን በሁለቱም ወገን አለ።

ጊዜ ካለ ፈጣኑ ምስል በአልጋው አጠገብ የሚሠራ አልትራሳውንድ ነው። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ፣ ቀጥተኛውን ፕሮብ በፊት ደረቱ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው የጎድን ክፍተት ላይ አድርጋችሁ የፕሉራውን መስመር ፈልጉ። ሁለቱ ሽፋኖች ሲንሸራተቱ ከታየ በዚያ ቦታ ላይ ኒሞቶራክስ የለም። መንሸራተቱ አለመታየቱ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ትንፋሽ ያቆመ ሰው፣ ቱቦው በአንድ ብሮንከስ የገባለት ሰው፣ ቀድሞ ፕሉራው የተጣበቀበት ሰው ሁሉ መንሸራተት የለውም። ምርመራውን የሚያጸናው የሳንባው ጫፍ ከግድግዳው የሚለያይበትን ነጥብ፣ ማለትም መንሸራተቱ በአንድ ምስል ላይ መጥቶ የሚሄድበትን ቦታ ማግኘት ነው። ሳንባው ሙሉ በሙሉ ከተሰበሰበ ግን ይህ ነጥብ ላይገኝ ይችላል።

በኤክስሬይ ላይ የሚፈለገው ቀጭን ነጭ የፕሉራ መስመርና ከመስመሩ ውጭ የሳንባ ደም ሥሮች አለመኖር ነው። ታካሚው ቆሞ ወይም ተቀምጦ፣ አየር ወደ ውስጥ ስቦ ይነሳ፤ አየር አስወጥቶ የሚነሳው ምስል የሚጨምረው ነገር የለም። ተኝቶ በተነሳ ምስል ላይ አየሩ ወደ ፊትና ወደ ታች ስለሚሰበሰብ መስመሩ ላይታይ፣ በምትኩ የጎድንና የድያፍራም ማዕዘን ከወትሮው ጠልቆና ጠቁሮ ሊታይ ይችላል። የቆዳ እጥፋት መስመር ይመስላል፤ ነገር ግን ከእርሱ ውጭ ደም ሥሮች ይቀጥላሉ። ከሁሉ የከፋው ቡላን (በሳንባ ውስጥ የተፈጠረን ትልቅ የአየር ከረጢት) ኒሞቶራክስ ብሎ ማንበብ ነው። የቆየ የሳንባ በሽታ ባለበት ሰው ላይ የትልቅ ቡላ ጠርዝ ወደ ደረት ግድግዳው ሲጎደጉድ፣ የተሰበሰበ ሳንባ ጠርዝ ግን ወደ ግድግዳው ይነፋል። ከተጠራጠራችሁ፣ ታካሚውም ከተረጋጋ፣ ሲቲ ስካን ይነሳ። ቡላ ውስጥ የገባ ቱቦ ያልነበረ ኒሞቶራክስ ይፈጥራል፤ የማይዘጋ የአየር ፍሰትም ያመጣል።

አሁን ወደ መርፌው። የሁለተኛው ክፍተት ትምህርት አልተሻረም፤ ለአዋቂዎች ግን ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 10ኛው የኤቲኤልኤስ (የአደጋ ጉዳተኞች ሕክምና ሥልጠና መመሪያ) እትም ለአዋቂ አራተኛውን ወይም አምስተኛውን የጎድን ክፍተት፣ ከብብት መሃል መስመር ትንሽ ወደ ፊት ብሎ፣ ይመክራል። ለሕፃናት ሁለተኛው ክፍተት በክላቪክል መሃል መስመር ላይ እንዳለ ነው። ለውጡን ያመጣው የደረት ግድግዳ ውፍረት ነው፤ በብዙ አዋቂዎች ላይ የተለመደው 5 ሴንቲ ሜትር ካኑላ (በመርፌ ላይ ተሸፍኖ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ፕሉራው ጋ አይደርስም። ስለዚህ 14 ጌጅ (የመርፌ ስፋት መለኪያ) ወይም ከዚያ የሰፋ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ካኑላ ይያዝ። ወደ ሁለተኛው ክፍተት የሚገባ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ እዚያ ኢንተርናል ማመሪ አርተሪና ትልልቆቹ ደም ሥሮች አሉ።

አገባቡ አጭር ነው። ኦክስጅኑ እንደቀጠለ ቦታውን በፍጥነት አጽዱ። ደም ሥሩና ነርቩ በእያንዳንዱ ጎድን ታችኛ ጠርዝ ሥር ስለሚሄዱ መርፌውን ከታች ባለው ጎድን ላይኛ ጠርዝ ላይ፣ ከቆዳው ጋር ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። አየር ሲወጣ ካኑላውን ግፉ፤ ብረቱን አውጡ። አየር ሲወጣ የሚሰማው የፉጨት ድምፅ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ላይሰማ ስለሚችል መለኪያችሁ ታካሚው ነው፦ ትንፋሹ ቀለለ? የልብ ምቱ ቀነሰ? ግፊቱ ተመለሰ? ካልተሻለው መርፌው አልደረሰም፣ ታጥፏል፣ በደም ተዘግቷል፣ ወይም ምርመራው ሌላ ነው። ከተሻለውም ካኑላው ጊዜያዊ ነው፤ ታጥፎ ወይም ወጥቶ ቴንሽኑ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ካኑላውን ያስገባ እጅ ወዲያው የቱቦ ዕቃ ማዘጋጀት አለበት። በቬንትሌተር ላይ ላለ ወይም በአደጋ ምክንያት ልቡ ለቆመ ታካሚ ከመርፌ ይልቅ ደረቱን ከፍቶ በጣት ፕሉራውን መክፈት አስተማማኝ ነው። በራሱ ለሚተነፍስ ሰው ግን ክፍት ተትቶ አይኬድም፤ በየትንፋሹ በቀዳዳው አየር ይስባል።

ቱቦው የሚገባው በደህንነት ሦስት ማዕዘን ውስጥ ነው፤ ከፊት የፔክቶራሊስ ሜጀር (የደረት ጡንቻ) ውጫዊ ጠርዝ፣ ከኋላ የላቲሲመስ ዶርሲ (የጀርባ ጡንቻ) ጠርዝ፣ ከታች በጡት ጫፍ ደረጃ የሚያልፍ መስመር፣ ከላይ የብብት ሥር። ከዚህ በታች የገባ ቱቦ ድያፍራምን፣ ጉበትን ወይም ስፕሊንን ሊወጋ ይችላል። በራሱ ለተከሰተ ኒሞቶራክስ ከ8 እስከ 14 ፍሬንች (የቱቦ ውፍረት መለኪያ) ቀጭን ቱቦ ይበቃል። ደምም በሚኖርበት የአደጋ ጉዳት ከ28 እስከ 32 ፍሬንች ይመረጣል።

አጣዳፊ ካልሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ፈቃድ ውሰዱ፣ ምስሉን ከታካሚው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ወገኑን አረጋግጡ፣ የደም መርጋት ውጤቱን እዩ። የተሳሳተ ወገን ላይ ቱቦ ማስገባት ሁለቱንም ሳንባ ማሳጣት ነው። ታካሚው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ብሎ እጁን ከራሱ ኋላ ያድርግ። ሊዶኬይን በክብደት እስከ 3 ሚሊ ግራም በኪሎ ይሰጣል፤ የ1 በመቶ ሊዶኬይን አንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ጣሪያው 18 ሚሊ ሊትር ነው። ቆዳው፣ የጎድኑ አጥንት ሽፋንና ፕሉራው ሁሉ ይደንዝዙ፤ ብዙዎች ቆዳውን ብቻ አደንዝዘው ታካሚውን ያሠቃያሉ። በማደንዘዣው መርፌ ስትስቡ አየር ካልመጣ ቁሙ፤ ያለ ምስል መሪነት አትቀጥሉ።

ለወፍራሙ ቱቦ ከታች ባለው ጎድን ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቆዳ ተቀዶ፣ ጡንቻው በክላምፕ ጫፍ እየተከፈተ ወደ ጎድኑ ላይኛ ጠርዝ ይኬዳል። ክላምፑ ተዘግቶ ፕሉራውን ሲያልፍ ይከፈታል፤ ከዚያ ጣት ይገባል። ጣቱ የሚያረጋግጠው ሳንባው ከግድግዳው ጋር አለመጣበቁንና ያላችሁት በደረት ውስጥ እንጂ በሆድ ውስጥ አለመሆኑን ነው። ከቱቦው ጋር የሚመጣውን ሹል ብረት ለመግፊያ አትጠቀሙበት፤ ሳንባንና ልብን የወጋው ያ ነው። በሽቦ ለሚገባው ቀጭን ቱቦ ደግሞ አደጋው ማስፊያው ነው። መርፌው አየር ያገኘበትን ጥልቀት አስታውሱና ማስፊያውን ከዚያ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አታስገቡ። የቱቦው የጎን ቀዳዳዎች ሁሉ በደረት ውስጥ መሆን አለባቸው። በኤክስሬይ ላይ የቱቦው ነጭ መስመር የሚቋረጥበት ቦታ የመጨረሻው ቀዳዳ ነው፤ እርሱ ከጎድኖቹ ውጭ ከታየ አየር ከቆዳ ሥር ይሰራጫል። ወጥቶ የታየን ቱቦ መልሶ መግፋት ንጹሕ ያልሆነውን ወደ ውስጥ ማስገባት ስለሆነ ይቀየር እንጂ አይገፋ።

ቱቦው የሚገናኝበትን ውኃ ያለበት ጠርሙስ ማንበብ በደንብ ልትለምዱት የሚገባ ነገር ነው። የቱቦው ጫፍ ከውኃው በታች 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ጠርሙሱም ሁልጊዜ ከደረት በታች ይቀመጥ። ውኃው ከትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ ቱቦው ክፍት ነው። እንቅስቃሴው ከቆመ ሳንባው ሙሉ በሙሉ ተነፍቷል፣ ወይም ቱቦው ታጥፏል ወይም ተዘግቷል፤ ታካሚው አጠገብ ሄዳችሁ ለዩ። አረፋ መውጣቱ አየር እየፈሰሰ መሆኑን ይናገራል። ፍሰቱ ከሳንባ ይሁን ከመገጣጠሚያ ለማወቅ ቱቦውን ከቆዳው አጠገብ ለጥቂት ሰከንዶች ጭመቁት፤ አረፋው ካልቆመ ቀዳዳው በውጭ ያለው መስመር ላይ ነው። ከዚህ የሰከንዶች ፍተሻ በስተቀር አረፋ የሚወጣበትን ቱቦ በምንም ምክንያት አትዝጉ፤ ለማጓጓዝም ቢሆን። በገዛ እጃችሁ ቴንሽን ትፈጥራላችሁ። ጠርሙሱ ቢሰበር የቱቦውን ጫፍ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ንከሩት።

መምጠጫ ማሽን ከመጀመሪያው አይገጠምም። ሳንባው ከቀናት በላይ ተሰብስቦ ከቆየ በኋላ በፍጥነት ሲነፋ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ ቱቦ ከገባ በኋላ የሚጀምር ብርቱ ሳልና የኦክስጅን መውረድ ይህን ያመለክታል። አየሩ እየፈሰሰ ሳንባው ከ48 ሰዓት በኋላም ካልተነፋ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውኃ በሚሆን ዝቅተኛ ግፊት መምጠጥ ይሞከራል፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ድረስ ፍሰቱ ካልቆመ የደረት ቀዶ ሐኪም ይማከር።

ቱቦ ለሁሉም ያስፈልጋል ወይ ለሚለው መልሱ አያስፈልግም ነው፤ ይህ ባለፉት ዓመታት በብዙ የተለወጠ ጉዳይ ነው። ቀድሞ በጤነኛ ወጣት ላይ በሳንባ ሥር ደረጃ 2 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ክፍተት ሕክምና ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመና 316 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት መካከለኛና ትልቅ ኒሞቶራክስ ያለባቸውን ጤነኛ ወጣቶች በሁለት ከፍሎ አወዳደረ። ያለ ቱቦ ክትትል ከተደረገላቸው 85 በመቶ ያህሉ ምንም ጣልቃ ሳይገባባቸው አለፉ፤ በ8 ሳምንት ውስጥ የተሟላ መረጃ ካላቸው መካከል ሳንባቸው የተነፋው 94.4 በመቶ ሲሆን ቱቦ በገባላቸው ደግሞ 98.5 በመቶ ነበር። የብሪቲሽ ቶራሲክ ሶሳይቲ የ2023 መመሪያም ውሳኔውን ከሴንቲ ሜትር ይልቅ በታካሚው ስሜትና በአደጋ ምልክቶች ላይ አቆመ።

ይህ ግን ለሁሉም የሚሠራ ፈቃድ አይደለም። የደም ዝውውር መዛባት፣ ጉልህ የኦክስጅን ማነስ፣ በሁለቱም ወገን የሆነ ኒሞቶራክስ፣ የቆየ የሳንባ በሽታ፣ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ ብዙ ያጨሰ ሰው፣ ደም የተቀላቀለበት ደረት፦ እነዚህ ሲኖሩ ቱቦ ለማስገባት የሚበቃ ክፍተት ካለ ቱቦ ይገባል። ቲቢ ወይም ኤምፊዚማ (የሳንባ የአየር ከረጢቶች መበላሸት) ያለበት ሰው ትንሽ ኒሞቶራክስ እንኳ ሊጥለው ስለሚችል ሆስፒታል ይተኛል። የሳንባ በሽታ የሌለበት፣ ትንፋሹ እምብዛም ያልተቸገረ ወጣት ግን ቢያንስ 4 ሰዓት ታይቶ፣ ኤክስሬይ ተደግሞ፣ ያለ ኦክስጅን በምቾት መራመድ ከቻለ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። በመካከል ያለውን፣ ማለትም የአደጋ ምልክት የሌለበትን ግን ትንፋሽ ያጠረውን፣ በ16 ወይም 18 ጌጅ ካኑላና በስሪንጅ አየሩን መሳብ ይቻላል። 2.5 ሊትር ከወጣ በኋላ አሁንም አየር ከመጣ ቀዳዳው ክፍት ነውና አቁማችሁ ቱቦ አስገቡ።

ኦክስጅን የተሰበሰበውን አየር መመጠጥ ያፋጥናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የመያዝ ዝንባሌ ላለው የኮፒዲ (የአየር መንገድን የሚያጠብ የቆየ የሳንባ በሽታ) ታካሚ ግን ግቡ ከ88 እስከ 92 በመቶ ይሁን። ቱቦ ሳይገባለት ኒሞቶራክስ ያለበትን ሰው በማስክ የግፊት ትንፋሽ አትስጡት። ናይትረስ ኦክሳይድም አትስጡት፤ ናይትሮጅን ከሚወጣበት ፍጥነት በላይ ወደ ክፍተቱ ስለሚገባ ኒሞቶራክሱን ያሳድገዋል።

ቱቦው የሚወጣው ሳንባው በኤክስሬይ ተነፍቶ፣ ሲያስልም ጭምር አረፋ ለ24 ሰዓት ካልወጣ ነው። የማጨስን ጉዳይ ሳታነሱ አታሰናብቱት፤ በጤነኛ ሰው ላይ የሚከሰተው ኒሞቶራክስ ከሦስት ሰዎች በአንዱ ያህል ይመለሳል፣ ማጨስም ዕድሉን ያሰፋዋል። ሳንባው መነፋቱ በምስል ከተረጋገጠ በኋላ 7 ቀን ሳይሞላ በአውሮፕላን አይሂድ። በሁለቱም ወገን መከላከያ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት በቀር በኦክስጅን ሲሊንደር ባሕር ውስጥ መጥለቅ ለዘለቄታው ይቅርበት። ለሁለተኛ ጊዜ በዚያው ወገን ከተመለሰ፣ ወይም አብራሪን በመሰለ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን፣ ስለ ቀዶ ሕክምና ከደረት ሐኪም ጋር ይነጋገር። ሲሰናበትም ትንፋሹ ድንገት ከጠበበ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት እንዲመለስ በጽሑፍ ይሰጠው።